የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት አመራረጥ

ትንሽ ሞተር ዛሬ ከገበሬው የሥራ ዕቃ አንዱ ሆኗል። በጀርባ የሚታዘለው ባለ ሞተር የመድኃኒት መርጫ፣ የዛፍ መቁረጫው መጋዝ፣ የሣር ማጨጃው፣ እንዲሁም በጣና፣ በዝዋይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ላይ ሰውና ጭነት የሚያመላልሱ ጀልባዎች ከኋላቸው የሚያስሩት ሞተር ለኑሮው ብዙ ጥቅም ይሰጣሉ። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ዘይትን ከቤንዚን ጋር ደባልቀው የሚጠጡ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ናቸው።

እነዚህ ሞተሮች ያለ ዕድሜአቸው ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች አንዱ የማይስማማ ዘይት ነው። ተባይ በማሳው ላይ በወጣበት ሳምንት መርጫው ቢቆም የዓመቱ ልፋት በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላል። ሰው የጫነ ጀልባ በሐይቁ መካከል ሳለ፣ ነፋስም በተነሣበት ሰዓት፣ ሞተሩ ቢጣበቅ ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል። ይህ ሁሉ ግን ዘይት ከመግዛት በፊት ሦስት ነገሮችን በመጠየቅ ሊወገድ ይችላል። አንደኛ፣ ሞተሩ ባለ ስንት ምት ነው? ሁለተኛ፣ በምን ይቀዘቅዛል? ሦስተኛ፣ የሞተሩ ሠሪ ምን ዓይነት ዘይትና ምን ያህል ልክ አዟል? የእነዚህን መልስ ከዚህ በታች በተራ እናስረዳለን።

1. ሞተሩ ባለ ስንት ምት መሆኑን ማወቅ

ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን ከሥሩ ባለ ቋት ውስጥ ያስቀምጣል። ስለዚህ ከታች በኩል የዘይት መጨመሪያ ክዳንና ብዙ ጊዜም የዘይት መለኪያ ዘንግ ይኖረዋል። በመስኖ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ የቤንዚን የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ከዚህ ወገን ናቸው። ለእነዚህ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ዘይት ከቤንዚናቸው ጋር አይደባለቅም።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን የዘይት ቋት ከሥሩ የለውም። በነዳጅ ጋኑ ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ የቤንዚን መቅጃና የዘይት ጠብታ ሥዕል፣ ወይም እንደ 50 ለ 1 ያለ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። አንዳንድ ትልልቅ የጀልባ ሞተሮች ደግሞ ባለ ሁለት ምት ሆነው ሳለ ዘይቱን ከተለየ ጋን ራሳቸው ይስባሉ። እንዲህ ላለው ሞተር ሠሪው ካላዘዘ በቀር በቤንዚኑ ውስጥ ዘይት አይጨመርም። ሁለቱ ዓይነት ሞተሮች በአንድ ቤት ካሉ ጄሪካኖቹን በቀለም ወይም በጨርቅ ምልክት መለየት ይገባል።

2. ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ አየሩ፣ ቤንዚኑና ዘይቱ አብረው በሞተሩ ሆድ በኩል ያልፋሉ። ዘይቱ በዚህ መንገድ ኩሽኔታዎቹን፣ ቢየላውን፣ ፒስቶኑንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ያለሰልሳል። ሥራውንም ሲጨርስ ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ በማርሚታው በኩል በጭስ ይወጣል። ከአንድ ጊዜ በላይ አያገለግልም።

ስለዚህ ይህ ዘይት በአንድ ጊዜ ሦስት ጠባይ ሊኖረው ያስፈልጋል። ከቤንዚን ጋር በደንብ መደባለቅ አለበት። በሙቀት ውስጥ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ መከላከል አለበት። በመጨረሻም ሲቃጠል አመድና ጥላሸት ሳይተው መሄድ አለበት። የመኪና ዘይት የሚወድቀው በተለይ በዚህ በሦስተኛው ነው።

3. የመኪና ዘይት የማይሆንበት ምክንያት

የመኪና ሞተር ዘይት የተሠራው በቋት ውስጥ ተቀምጦ እየተዘዋወረ ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግል እንጂ እንዲቃጠል አይደለም። ዕድሜው እንዲረዝምም እንደ ካልሲየምና ዚንክ ያሉ የብረት ቅመሞች ተጨምረውበታል። እነዚህ ቅመሞች ሲቃጠሉ አመድ ይሆናሉ። አመዱም በካንዴላው ጫፍ ላይ ተጋግሮ እሳቱን ያጠፋል፤ በፒስቶኑ ራስ ላይ ተከምሮም እንደ ፍም ይግላል። የጋለው አመድ ካንዴላው ሳይተኩስ ቤንዚኑን ቀድሞ ሲያቀጣጥለው ፒስቶኑ ሊበሳ ይችላል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በውስጡ የብረት ብናኝና ጥላሸት አለበትና።

“ርካሽ ነው” የሚለውን ምክንያት በሒሳብ እንመልከተው። በ50 ለ 1 ልክ የሚሠራ መርጫ ለአንድ ሊትር ቤንዚን የሚፈልገው 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ዘይት ለ50 ሊትር ቤንዚን ይበቃል ማለት ነው። በዚህ ትንሽ ዘይት ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ ከአንድ ፒስቶንና ፋሻ ዋጋ ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

4. በውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር

የጀልባ ሞተር ከሐይቁ ውኃ እየሳበ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። በሲሊንደሩ ዙሪያ የሚዞረው ውኃ ከመፍላት በታች ስለሚሆን የሞተሩ አካል በአየር ከሚቀዘቅዘው ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ባለው ሞተር ውስጥ አመድ የሚተው ዘይት ከተጨመረ ቅሪቱ በማቃጠያው ክፍል ይከማቻል። ስለዚህ ለጀልባ የሚሠራው ዘይት ከብረት ቅመም ነጻ የሆነና አመድ የማይተው ነው። ከዚህም ሌላ ሞተሩ ዘወትር ከእርጥበት ጋር ስለሚኖር ዝገትን የሚከላከል ቅመም ተጨምሮበታል።

የዚህ ዘይት መለያ በቆርቆሮው ላይ የሚጻፈው “ቲ ሲ ደብልዩ 3” የሚለው ምልክት ነው። ደረጃውን ያወጣው የአሜሪካ የጀልባና የመርከብ ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር ሲሆን ፊደሎቹ “ባለ ሁለት ምት፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ” ማለት ናቸው።

5. በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር

መርጫው፣ መጋዙና የሣር ማጨጃው የሚቀዘቅዙት ማራገቢያው በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል በሚነፋው አየር ነው። አየር እንደ ውኃ ሙቀትን አይወስድምና የሲሊንደሩ ራስ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። በዚህ ሙቀት ውስጥ የጀልባው ዘይት የፋሻውን መቀመጫ ንጹሕ አድርጎ መጠበቅ ይሳነዋል። ዘይቱ እንደ ሙጫ ይደርቅና ፋሻው በመቀመጫው ውስጥ ይጣበቃል። ፋሻው ሲጣበቅ የታመቀው አየር ያመልጣል፣ ኀይል ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ፒስቶኑ ይፋቅና ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቆማል።

ስለዚህ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ሙቀት የሚችል ሌላ ዘይት አለ። በውስጡ ፋሻውን የሚያጥብ ጥቂት የብረት ቅመም አለው፤ መጠኑ ግን ከመኪናው ዘይት እጅግ ያነሰ ነው። ደረጃውን በጃፓን የወጣው “ጃሶ” የተባለው መለያ ያሳያል። “ጃሶ ኤፍ ቢ” ዝቅተኛው ነው፤ “ጃሶ ኤፍ ሲ” ጭሱ ያነሰ ነው፤ “ጃሶ ኤፍ ዲ” ደግሞ በሙቀት ውስጥ ንጽሕናን በመጠበቅ ከሁሉ የበለጠ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ መለያ ደግሞ ተመጣጣኞቻቸው “ኢ ጂ ቢ”፣ “ኢ ጂ ሲ” እና “ኢ ጂ ዲ” ተብለው ይጻፋሉ። ሌላው የአሜሪካ መለያ “ኤ ፒ አይ ቲ ሲ” ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። “ቲ ሲ” እና “ቲ ሲ ደብልዩ 3” በፊደል ይቀራረባሉ፤ በሥራ ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በአየር ለሚቀዘቅዘው፣ ሁለተኛው በውኃ ለሚቀዘቅዘው ነው። “ደብልዩ” የምትባለውን ፊደል መኖርና አለመኖር ማየት አይርሱ።

6. ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ልዩ ሁኔታ

በጀልባ ላይ የተቀመጠ ሞተር ሁሉ በውኃ የሚቀዘቅዝ አይደለም። ሲሊንደሩ ክንፍ ያለውና ማራገቢያ የተገጠመለት ትንሽ ሞተር በጀልባ ላይ ቢታሰርም የአየሩን ዘይት ይፈልጋል። የሚለየው የተቀመጠበት ቦታ ሳይሆን የሚቀዘቅዝበት መንገድ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ በውኃ እየቀዘቀዘ እንደ አየሩ ሞተር የሚግል አለ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በውጭ አገር ለስፖርት የሚሠራው የሞዴል ጀልባ ሞተር ነው። በቤንዚን የሚሄደው ዓይነት ብዙ ጊዜ 26 ሚሊ ሊትር ያህል ይዘት ያለው ሲሆን ትውልዱ ከመጋዝና ከሣር ማጨጃ ሞተር ነው፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ ግን የውኃ መዞሪያ ተሠርቶለታል። “በውኃ ይቀዘቅዛል” ተብሎ የትልቁ ጀልባ ዘይት ይስማማዋል ቢባል አያስደንቅም። ነገር ግን ይህ ትንሽ ሞተር በደቂቃ ከ15,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የትልቁ ጀልባ ሞተር በሙሉ ኀይሉ የሚዞረው በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር አካባቢ ነው። ውኃው የሲሊንደሩን ውጭ ቢያቀዘቅዝም በዚያ ፍጥነት ፒስቶኑና ፋሻው እጅግ ይግላሉ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሞተር ሙቀት የሚችለው የ“ኤፍ ሲ” ወይም የ“ኤፍ ዲ” ዘይት ይመረጣል።

ከዚህ የምንማረው የማቀዝቀዣው ዓይነት የመጀመሪያው መመሪያ እንጂ የመጨረሻው አለመሆኑን ነው። የመጨረሻው ቃል የሞተሩ ሠሪ በመመሪያ መጽሐፉ የጻፈው ነው። የመጋዝ ሞተር ለውጠው ለሌላ ሥራ የሚያውሉ ሰዎችም ይህን ያስታውሱ።

7. ከሱቅ ሲገዙ

ዘይቱን በቀለሙ አይምረጡ። ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ የሚሆነው ቤንዚኑ ዘይት እንደ ተጨመረበት በዓይን እንዲታወቅ ቀለም ስለ ተደረገበት ነው፤ ስለ ጥራቱ የሚናገረው ነገር የለም። ክዳኑ ያልተከፈተ፣ መለያውም በግልጽ የሚነበብ ይግዙ። ከበርሜል ተቀድቶ በውኃ መያዣ ፕላስቲክ የሚሸጠውን ይተዉ። የላቲን ፊደል የማያነብ ገበሬ ትክክለኛው ዘይት የነበረበትን ባዶ ቆርቆሮ ይዞ ቢሄድ አይታለልም።

የሚፈለገው ዘይት ለጊዜው ቢጠፋ ሥራውን በአንድ ቀን ማዘግየት ይሻላል። እጅግ ቢያስቸግር ለአንድ ጋን ያህል ሌላ ዓይነት የባለ ሁለት ምት ዘይት መጠቀም ከመኪና ዘይት ያነሰ ጉዳት አለው፤ ልማድ ግን መሆን የለበትም። ያለ ዘይት ማስነሣት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩን ይገድላል።

8. የድብልቁ ልክ

ልኩ የሚገኘው ከመመሪያው መጽሐፍ ወይም ከጋኑ ክዳን ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ለብዙ ሞተሮች ከሚታዘዙት ልኮች ሦስቱ ናቸው።

በ50 ለ 1፦ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት፤ ለ5 ሊትር 100፤ ለ10 ሊትር 200፤ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር።

በ40 ለ 1፦ ለ1 ሊትር 25 ሚሊ ሊትር፤ ለ5 ሊትር 125፤ ለ10 ሊትር 250፤ ለ20 ሊትር 500 ሚሊ ሊትር።

በ25 ለ 1፦ ለ1 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር፤ ለ5 ሊትር 200፤ ለ10 ሊትር 400፤ ለ20 ሊትር 800 ሚሊ ሊትር።

አዲስ ሞተር እስኪለማመድ ድረስ ብዙ ሠሪዎች ለመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ከፍ ያለ የዘይት ልክ ያዝዛሉ፤ መጽሐፉን ያንብቡ።

ልኩን በቡና ሲኒ ወይም በቆርኪ አይገምቱ፤ ሲኒ ከሲኒ ይለያያልና። ቁጥር የተጻፈበት መለኪያ ወይም ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይበቃል። የመድኃኒት መለኪያውን ለዘይት፣ የዘይቱንም ለመድኃኒት ማድረግ አደገኛ ነው።

9. አደባለቁ

ንጹሕና ለነዳጅ የተሠራ ጄሪካን ያዘጋጁ። በመጀመሪያ የቤንዚኑን ግማሽ ያፍስሱ። ቀጥሎ የተለካውን ዘይት ሁሉ ይጨምሩና ክዳኑን ዘግተው በደንብ ይነቅንቁ። ከዚያ የቀረውን ቤንዚን ሞልተው እንደገና ይነቅንቁ። ወደ ሞተሩ ጋን ሲያፈሱ በማጥለያ ያጥልሉ፤ ከማፍሰስዎም በፊት ሁልጊዜ ይነቅንቁ። በጋኑ ውስጥ ቤንዚኑን ለብቻ፣ ዘይቱን ለብቻ ማፍሰስ ግን ሞተሩ መጀመሪያ ዘይት የበዛበትን፣ ኋላም ዘይት ያነሰበትን እንዲጠጣ ያደርጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ ሞተሩም ቀዝቅዞ ሳለ ይሁን። በነጭ ጋዝ የተበረዘ ቤንዚን አይግዙ። ድብልቁን ከአንድ ወር በላይ አያቆዩ፤ ለሳምንቱ የሚበቃውን ብቻ ያዘጋጁ። የርጭት ወቅት ሲያልፍ ጋኑን ባዶ አድርገው ሞተሩን ነዳጁ እስኪያልቅ ያስነሡት፤ አለበለዚያ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ደርቆ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

10. ጭስ ሲበዛ ዘይት መቀነስ አይገባም

በደጋና በወይና ደጋ አገር አየሩ ስስ ነው። የጣና ሐይቅ ፊት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ ሞተር ከኀይሉ ወደ አምስተኛው እጅ ያህል ያጣል። ካርቡራተሩ በቆላ ልክ የተስተካከለ ከሆነም ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ሞተሩ ይጨሳል። ይህን ያየ ሰው ጥፋቱን በዘይቱ ላይ አድርጎ ዘይት ይቀንሳል። ጭሱ ግን የመጣው ከአየሩ ማነስ ስለሆነ መድኃኒቱ ባለሙያ ካርቡራተሩን እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። እንዲሁም በደጋ የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ እንደገና ሊታይ ይገባዋል። ቤንዚኑ ከአየሩ ያንስበትና ያለ ልክ ይግላልና።

የካንዴላው ቀለም ጥሩ ምስክር ነው። ቡናማ ሲሆን ሥራው ደኅና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ወይም ቤንዚኑ በዝቷል፣ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል። ነጣ ብሎ ደረቅ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ስለሆነ ወዲያው ያቁሙትና ምክንያቱን ይፈልጉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

11. ለጀልባ ባለቤቶች የተለየ ምክር

ውኃው ከተቋረጠ የትኛውም ዘይት ሞተሩን አያድነውም። ሞተሩ እንደ ተነሣ ከጎኑ በቀጭኑ የሚፈስሰውን የማቀዝቀዣ ውኃ ይመልከቱ፤ ካልፈሰሰ ያጥፉት። እንቦጭ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጣና ላይ የታወቀ ችግር ሆኗል። ሥሩና ቅጠሉ የሞተሩን የውኃ መሳቢያ ቀዳዳ ሊደፍን ይችላልና በእንቦጭ መካከል ካለፉ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ቀዳዳውን ያጽዱ።

ዘይት ማብዛትም ጥቅም የለውም። ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ጭሱን በውኃ ውስጥ ስለሚያወጣ ያልተቃጠለው ቤንዚንና ዘይት በሐይቁ ላይ ይቀራል። ዓሣውም፣ ከብቱም፣ ሰውም የሚጠቀመው በዚያው ውኃ ነው። ልክን መጠበቅ ሞተሩንም ሐይቁንም መጠበቅ ነው።

12. ለልማት ሠራተኞች

በቀበሌአችሁ ያሉትን ትንንሽ ሞተሮች መዝግቡ። ከእያንዳንዱም ስም አጠገብ የምቱን ቁጥር፣ የማቀዝቀዣውን ዓይነት፣ የዘይቱን መለያና የድብልቁን ልክ ጻፉ። ይህንኑ በማይለቅ ቀለም በእያንዳንዱ ሞተር ጋን ላይ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ጻፉለት። የርጭት ወቅት ከመግባቱ በፊት ገበሬዎችን ሰብስባችሁ በአንድ ጄሪካን አደባለቁን በተግባር አሳዩ። ዘይት ለሚያመጣው ማኅበር ወይም ነጋዴም የሚፈለገውን ዓይነትና መጠን አስቀድማችሁ አስታውቁ። ገበሬው ትክክለኛውን ዘይት ቢያውቅና በአካባቢው ባያገኘው ዕውቀቱ ብቻውን ሞተሩን አያድነውም።

ለሁላችሁም በአጭሩ፦ የመኪና ዘይት ለመኪና ይሁን፤ “ቲ ሲ ደብልዩ 3” ለጀልባው፤ “ኤፍ ሲ” ወይም “ኤፍ ዲ” ለመርጫውና ለመጋዙ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠሪው ያዘዘው ይጠበቅ፤ ልኩም በግምት ሳይሆን በመለኪያ ይደረግ።